ባዕድ ሕግ በደሴ ችሎት

ከዳኝነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሕግ ወረቀት እንዳላነብ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌን ያስፈረሰችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። አዲስ አበባ በጥብቅና ትሠራለች፤ ለበዓል ደሴ ስትመጣ አንድ ወፍራም ውል ይዛ መጣች። የውጭ ኩባንያ ስሙንና አሠራሩን ለአገር ቤት ነጋዴ የሚሰጥበት፣ ዛሬ «ፍራንቻይዝ» የሚሉት ዓይነት ውል ነው።

«ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን አንቀጽ ብቻ ይዩልኝ» አለችኝ።

አየሁት። ውሉ የሚገዛው በኩባንያው አገር ሕግ ነው ይላል።

«ደንበኛዬ ሱቁን የሚከፍተው እዚሁ ደሴ ነው። ነገ ጠብ ቢነሳ የኛ ሕግ ይደርስለታል ወይስ አይደርስለትም?»

መልሱን ነገርኳት። በማን ላይ ተለማምጄ እንደተማርኩት ግን አልነገርኳትም። እሷ ከሄደች በኋላ ነገሩ አላስተኛ ስላለኝ እነሆ እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያ ምድቤ ኮምቦልቻ ነበር፤ የቃሉ አውራጃ ፍርድ ቤት። ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከወረሰ ብዙም አልቆየም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ደመወዙ አንድ ሰው ያኖራል፣ ሁለት ሰው ግን አያኖርም፤ ስለዚህ ሳላገባ ቆየሁ። የችሎቱ ጣሪያ ያለ ኮርኒስ ባዶ ቆርቆሮ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛውም ላባችንን እየጠረግን ነበር የምንከራከረው።

አለቃዬ የነበሩት የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን የዳኛ ጉብዝና የሚታየው በዘጋው መዝገብ ብዛት ነው ብለው ያምናሉ። ወር ሲያልቅ መዝገብ ቤት ገብተው የተዘጋውን በአንድ በኩል፣ ያልተዘጋውን በሌላ በኩል ያስደረድራሉ። «መኮንን፣ መዝገብ እንደ ቁስል ነው። ክፍት ሆኖ ሲቆይ ይመረቅዛል» ይሉኝ ነበር። እኔም መዝጋት ለመድኩ። ፈጣን ነው ተባልኩ። መባሉንም ወደድኩት።

አቶ ሙሄ እኔ ዘንድ የመጡት በዚያ ጊዜ ነው። ደጋን ተወልደው ኮምቦልቻ ያደጉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከእኔ በሃያ ዓመት ያህል ይበልጣሉ። ዋናው መንገድ ዳር ሰፋ ያለ ሱቅ ነበራቸው። ፊት ለፊቱ ላይ የአንድ የውጭ አገር የስፌት መኪና ኩባንያ ስም በትልቁ ተጽፏል። ከፊት መኪና ይሸጣሉ፤ ከጓሮ ባለው ክፍል ደግሞ ስፌት ያስተምራሉ። ያኔ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተለየ ስም አልነበረውም፤ ሰዉ «የኩባንያው ወኪል» ብቻ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ከወኪልም ያለፈ ነው። ሱቁ የሚቀባው በኩባንያው ቀለም ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በኩባንያው ተራ ነው፤ መጀመሪያ ቀጥታ ስፌት፣ ቀጥሎ ኮሌታ፣ ከዚያ ኪስ። መርፌ እንኳ ከኩባንያው በቀር ከሌላ ቦታ አይገዛም።

ችግሩ የመጣው በቀበቶ ነው። በእግር የሚረገጠውን መዘውር ከላይ ካለው ከመኪናው ራስ ጋር የሚያገናኘው የቆዳ ቀበቶ ሲበጠስ መኪናው ይቆማል። መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ከአዲስ አበባ መምጣት አቆመ። አቶ ሙሄ አራት መኪና ቆሞባቸው፣ ተማሪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። ገበያ ካለ ቆዳ ሠራተኛ ዘንድ ሄደው ልኩን እያሳዩ ቀበቶ አሠሩ። መኪኖቹ ተንቀሳቀሱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኩባንያው ተቆጣጣሪ መጥቶ ቀበቶዎቹን አየ። ደብዳቤ ተከተለ። ውሉ ተሰርዟል፤ ሰሌዳው ይውረድ፤ መኪኖቹ ኩባንያው በሚተምነው ዋጋ ይመለሱ፤ አቶ ሙሄም በወሎ ክፍለ ሀገር ለሦስት ዓመት ስፌት እንዳያስተምሩ፣ የስፌት መኪናም እንዳይሸጡ ይላል።

አቶ ሙሄ ደብዳቤው እንዲሻርላቸው ከሰሱ። የኩባንያው ጠበቃ ከአዲስ አበባ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። አንድ መቃወሚያ ብቻ አቀረበ። «የተከበረው ፍርድ ቤት የውሉን አንቀጽ ሃያ ሰባት ይመልከትልኝ» አለ።

ውሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ከጎኑ አጭር የአማርኛ ፍሬ ሐሳብ አለው፤ አንቀጽ ሃያ ሰባት ግን በአማርኛው ውስጥ የለም። እንግሊዝኛውን አነበብኩ። ውሉ በኩባንያው አገር ሕግ ይገዛል ይላል። ውል ላደረጉት ሰዎች ሕግ ነው ተብዬ ተምሬያለሁ፤ ስለዚህ አለቀ አልኩ። ጉዳዩ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሚታይ ስላልሆነ መዝገቡ ተዘግቷል ብዬ ብይኑን እዚያው ጽፌ አነበብኩት።

አቶ ሙሄ ቆመው ቀሩ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ጌታዬ፣ እንግዲህ የት ልሂድ?»

«ውሉ ላይ የተጻፈው አገር አለ።»

«እሱማ ባሕር ማዶ ነው። እኔ ባቲን አልፌ አላውቅም። እዚህ አገር የሚሰማኝ ዳኛ የለም ማለትዎ ነው?»

«በብይኑ ተነግሮዎታል» አልኩና ቀጣዩን መዝገብ አስጠራሁ።

አለቃዬ በዚያ ወር አመሰገኑኝ። ሌላው ዳኛ ዓመት ያጓትተው የነበረውን ክርክር በአንድ ቀጠሮ ጨረስከው አሉኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ አንድ ኤንትሬ ካሚዮን ከሱቁ ደጃፍ ቆሟል። አቶ ሙሄ የየመኪናውን ራስ በገዛ ብርድ ልብሳቸው እየጠቀለሉ ለጫኚዎቹ ያቀብላሉ። «ቀስ አርጉት፤ እንዳይጋጭ» ይላሉ። ተማሪዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ያያሉ። አቶ ሙሄ አዩኝ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ። እኔም መልሼ አለፍኩ። ያን ቀን ያዘንኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያዘንኩት እንደ መንገደኛ ነው፤ ነገሩ በእኔ እጅ እንደሆነ አልገባኝም።

ከዓመታት በኋላ አድጌ ደሴ፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተመደብኩ። ችሎቱ የሦስት ዳኞች ነው። ሰብሳቢያችን ጋሽ ይመር ነበሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የዘገየ ሰው ናቸው። በደሴ ብርድ ሁልጊዜ ግራጫ ካፖርት ይለብሳሉ፤ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ በላዩ ጋቢ ይደርባሉ። የሕግ ትምህርታቸው ከእኔ ያነሰ ነበር፤ አብዛኛውን ያወቁት ከጸሐፊነት ተነስተው ነው። መጀመሪያ ላይ በልቤ ንቄያቸዋለሁ። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ጋሽ ይመር ውል የሚያነቡት ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ሰው ሲፈርም የሚደክመው መጨረሻ ላይ ነው። ውል የሚያረቅቅ ሰውም ይህን ያውቃል» አሉኝ። መዝገብ ላይ ምንም አይጽፉም፤ ለየብቻ ነጭ ወረቀት አላቸው። በሁለት ከፍለው በአንዱ በኩል ጥያቄ፣ በሌላው መልስ ይጽፋሉ። አንድ መልስ ለሁለት ጥያቄ እንዲሆን ፈጽሞ አይፈቅዱም። ባለጉዳይ የፈረመውን አንቀጽ ራሳቸው በአማርኛ ያነቡለትና፣ «በል፣ አሁን አንተ በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ይሉታል። ፍርድ ተጽፎ ካለቀ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ጽሑፉን ላረቀቀው ዳኛ መልሰው ይሰጡና «አሁን ተሸናፊው ሆነህ አንብበው» ይላሉ። ይህን ስንሰማ እኔና ሦስተኛው ዳኛ እንሳሳቅ ነበር።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ነው የወይዘሮ ዘሃራ መዝገብ የመጣው። ወይዘሮ ዘሃራ ቧንቧ ውሃ በሚባለው የደሴ ሰፈር የስፌት ትምህርት ቤት ያላቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሰሌዳቸው ላይ ያለው ስም ኮምቦልቻ ሳለሁ የማውቀው የዚያው ኩባንያ ስም ነው። በድርቁ ጊዜ ከየወረዳው ተሰደው መጠለያ ከገቡት ሴቶች መሀል አገራቸው መመለስ ያልቻሉትን ሰብስበው ያለ ክፍያ አስተማሩ። ሲጨርሱም የኩባንያውን ማኅተም እየመቱ የምስክር ወረቀት ሰጧቸው። ኩባንያው ይህን ሲሰማ በስሜ ያለ ፈቃዴ ነግደሻል ብሎ ውሉን ሰረዘ። ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ፣ መኪኖቹም እንዲመለሱለት ራሱ ከሰሰ።

የመጣው ያው ጠበቃ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል። ይህ ክርክር የሚታየው በኩባንያው አገር ሕግ ነው፣ በዚያ ሕግ ደግሞ ኩባንያው እንዲህ ያለውን ውል ያለ ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ይችላል ይላል ክሱ።

ጋሽ ይመር ቢሮ ስንሰበሰብ እኔ ቀደም ብዬ፣ «ይህን አንቀጽ አውቀዋለሁ። ኮምቦልቻ እያለሁ ወስኜበታለሁ» አልኩ። በኩራት ነበር የተናገርኩት።

«ምን ብለህ ወሰንክ?»

ነገርኳቸው። ሬጅስትራሩን ጠርተው የድሮው መዝገብ ከኮምቦልቻ እንዲመጣ አዘዙ። በሦስተኛው ቀን መጣ። በሩን ዘግተው ከእኔ ጋር ብቻ ተቀመጡ። እንደ ልማዳቸው ከመጨረሻው ገጽ ጀመሩ። ነጩን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«ይህ አንቀጽ የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው? ጻፈው።»

«ክርክሩ በየት አገር ሕግ ይታይ» ብዬ ጻፍኩ።

«በየት አገር ፍርድ ቤት ይታይ ለሚለውስ?»

መዝገቡን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«እስቲ ፍርድ ቤት የሚለውን ቃል ፈልግልኝ። ዳኛ የሚለውንም ካገኘህ ይበቃኛል።»

አንቀጹን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የለም። ስለ ሕጉ እንጂ ስለ ዳኛው አንዲት ቃል አልተናገረም።

«ሕግ ከባሕር ማዶ ሊመጣ ይችላል፣ መኮንን። ዳኛው ግን እዚሁ ነው። በባዕድ ሕግ እከራከራለሁ ያለ ሰው ሕጉን እንደ ማንኛውም ማስረጃ አምጥቶ፣ አስተርጉሞ ያስረዳል። አንተ ግን አምጣ ሳትለው አመንከው።»

«አውራጃ ፍርድ ቤት እኮ የባዕድ ሕግ ያለበትን ክርክር የማየት ሥልጣን የለውም» አልኩ። የተንጠለጠልኩባት የመጨረሻ ገመድ ናት።

«ልክ ነህ፣ የለውም። የዚህ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው።» ጣታቸውን ብይኔ ላይ አሳረፉ። «አንተ ግን ይህ ፍርድ ቤት አላልክም፤ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት አልክ። በአንድ ቃል አገሩን በሙሉ ዘጋህበት። ደሴ ሂድ ብትለው ኖሮ የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር።»

መዝገቡን አጥፈው ሰጡኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ፣ «የዘሃራን ፍርድ አንተ ታረቅቀዋለህ» አሉኝ።

ክርክሩ ብዙ ቀጠሮ ወሰደ። መጀመሪያ ጠበቃውን የደንበኛህን አገር ሕግ አምጣና አስረዳ አልነው። የተቀደደ መጽሐፍ ኮፒ ይዞ መጣ። ይህ አይበቃም፣ የተረጋገጠ ትርጉም ይቅረብ ብለን ቀጠርነው። በቀጠሮው ቀን አቀረበ። ሕጉ በእርግጥም እሱ እንዳለው ነው።

ወይዘሮ ዘሃራ ሲቀርቡ ጋሽ ይመር አንቀጽ ሃያ ሰባትን በአማርኛ አነበቡላቸውና፣ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ አሉ።

«ከነሱ ጋር ከተጣላሁ በነሱ አገር ደንብ እዳኛለሁ ማለት ነው።»

«ሲፈርሙ ይህን ያውቁ ነበር?»

«ኧረ አላውቅም። በአማርኛ ያነበቡልኝ ስለ ቀለሙና ስለ መኪናው ነው።» ትንሽ አሰቡ። «ግን ውሸት አልናገርም። ቢያነቡልኝም ወላሂ እፈርም ነበር። ያኔ መኪና የሚሸጥልኝ ሌላ ማን ነበር?»

ጠበቃው ፈገግ አለ፤ ተከሳሿ ራሳቸው አመኑለት። እኔ ደነገጥኩ፤ በልቤ አላውቅም ብለው እንዲያበቁ ፈልጌ ነበርና። ጋሽ ይመር ግን ራሳቸውን በአክብሮት ነቀነቁ።

«በማኅተማቸው ስለ መጠቀምዎስ?»

«እሱስ ጥፋቴ ነው። ስማቸውን ከፈለጉ ይውሰዱ። ሴቶቹ የተማሩት ግን ከስሙ አይደለም፤ ከኔ እጅ ነው።»

በዚያው ሰሞን አንድ ካድሬ ጋሽ ይመር ቢሮ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ጉዳዩን ሰምቷል፤ በችሎቱም ተደስቷል።

«ጓድ ዳኛ፣ ይሄማ ቀላል ነው» አለ። «የኢምፔሪያሊስት ኩባንያ የድርቅ ተጎጂዎችን ትምህርት ቤት ሊዘጋ መጣ። ውሉን እንዳለ ውድቅ አርጉት። ፍርዱ በየቀበሌው ይነበባል።»

ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ጓድ፣ ውሉ ውስጥ የሚጸና ነገር አለ፤ የማይጸናም አለ። ለይተን እንጽፋለን።»

«ምን መለየት ያስፈልገዋል? የሕዝብ ጠላት ውል ነው።»

«ይህችን ሴት የሚያድናት ሕግ አለ። በሕጉ ካሸነፈች ማንም አይነጥቃትም። በመፈክር ካሸነፈች ግን መፈክሩ በተለወጠ ቀን ትሸነፋለች።»

ካድሬው ተነሳ። «ያሉትን አስታውሳለሁ» ብሎ ወጣ። በዚያ ዘመን «አስታውሳለሁ» የሚል ቃል ምን ማለት እንደሆነ ደሴ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጋሽ ይመር ወረቀታቸውን አነሱ። ብቻ፣ «ረቂቁ የት ደረሰ?» አሉኝ።

ረቂቁን አምስት ጊዜ ጻፍኩት። መጀመሪያ ሁለቱን ጥያቄዎች ለየሁ። ማን ይዳኛል ለሚለው፣ ይህ ፍርድ ቤት ይዳኛል፤ ውሉ አልከለከለም፣ ከሳሹም ራሱ እዚህ መጥቷል። በየትኛው ሕግ ለሚለው ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ የመረጡት ሕግ ይከበራል፤ የሚከበረው ግን የመምረጥ መብት ባላቸው ነገር ላይ ብቻ ነው። ስምና ሰሌዳ የውሉ ጉዳይ ስለሆነ ኩባንያው ውሉን በመረጠው ሕግ ማቋረጥና ስሙን መውሰድ ይችላል። ወይዘሮ ዘሃራ የገዟቸው መኪኖች ግን ደሴ ውስጥ ያሉ ንብረቶች ናቸው፤ ንብረት የሚገዛው ባለበት አገር ሕግ ነው፤ በእኛ ሕግ ደግሞ የእሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤቱ የቆመው በአገሩ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ነው፤ ሴትዮዋ ያሏቸው ሁለት ሠራተኞችም የተቀጠሩት እዚህ ነው፤ ሁለት ነጋዴዎች በመሀላቸው ተዋውለው የአገሩን የሥራ ሕግ ከሠራተኛ ላይ ሊያነሱ አይችሉም። አንድን ሰው በክፍለ ሀገሩ በሙሉ በሚያውቀው ሙያ እንዳይኖር የሚከለክለውም አንቀጽ፣ ከየትም አገር ሕግ ቢመጣ፣ እዚህ ተፈጻሚ ልናደርገው የምንችለው አይደለም።

ስጨርስ ጋሽ ይመር እንደ ልማዳቸው ጽሑፉን መልሰው ሰጡኝ። «ተሸናፊው ሆነህ አንብበው።»

ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ ጠበቃው፣ አንዴ ደግሞ ሰሌዳቸው እንደሚወርድባቸው እንደ ወይዘሮ ዘሃራ። ኩባንያው ይግባኝ ማለት እንደሚችልና የት እንደሚል ጨመርኩ። ረቂቁ ለሴትዮዋ ሰሌዳ የሚያወርዱበት ጊዜ ስላልሰጠ አንድ ወር ጨመርኩላቸው።

ፍርዱ ተነበበ። የሚጨበጨብለት ፍርድ አልነበረም፤ ለሁለቱም ግማሽ ነው። ጠበቃው ግልባጭ ጠይቆ እጅ ነስቶ ሄደ። ወይዘሮ ዘሃራ የተሰጣቸውን ወር አልጠበቁም። በማግሥቱ መሰላል አስመጥተው ሰሌዳውን አስወረዱና ጠራርገው ለኩባንያው ሰው አስረከቡ። ውስጥ መኪኖቹ እየሠሩ ነበር፤ ድምፁ እስከ መንገዱ ይሰማል።

ፍርዱ በየቀበሌው አልተነበበም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጋሽ ይመር ሩቅ ቆላ ወደሚገኝ አውራጃ ተዛወሩ። ደብዳቤው ምክንያት አልጻፈም። ልንሸኛቸው መናኸሪያ ስንሄድ ካፖርታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለዋል። «እዚያ ይህ አያስፈልገኝም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ያ ሰው በሕይወት አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም።»

«ማወቅ አለብህ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የፍርዱን ግልባጭ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት በአውቶቡስ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ላይ ሱቁ የእህል መጋዘን ሆኗል። አቶ ሙሄ ወደ ትውልድ ቦታቸው መመለሳቸውን ጎረቤቱ ነገረኝ። ደጋን ደርሼ ስጠይቅ ሰዎች ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ያለች ቤት አሳዩኝ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጆንያ በወስፌ ይሰፋሉ። ጺማቸው ነጭ ሆኗል።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

«ወአለይኩም ሰላም።» ቀና ብለው አዩኝ። ወዲያው አወቁኝ። ችሎት ላይ እርስዎ ይሉኝ የነበሩት ሰው «ቁጭ በል፤ ከየት መጣህ?» አሉኝ። አንተ ማለታቸው ቀለል አደረገልኝ።

ያመጣኝን ነገርኳቸው። ስህተቱ ምን እንደነበረ፣ ያኔ ምን ማለት እንደነበረብኝ፣ ይግባኙ ጊዜው አልፎ አሁን መዝገቡን መክፈት እንደማይቻል፣ ሁሉንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ወስፌውን አላቆሙም።

«ደሴ እኮ አክስት ነበረችኝ» አሉ። «በየሳምንቱ ማለት ይቻላል እሄድ ነበር።»

ግልባጩን ከኪሴ አወጣሁ።

«የሴትዮዋ መኪኖች ቀሩላት?»

«ቀሩላቸው።»

«አልሐምዱሊላህ።» ጆንያውን ወደ ጎን አደረጉ። «ያ የያዝከው እሱ ነው? አንብብልኝ። ፊደል አላጣሁም፤ የፍርድ ቤት አማርኛ ነው የማይገባኝ።»

አነበብኩላቸው። ከበደ ያልኩትን እያቆምኩ በተራ አነጋገር እፈታለሁ። በሙያው እንዳይኖር የሚከለክለው አንቀጽ ተፈጻሚ አይሆንም የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«እሱን ድገመው።»

ደገምኩት።

«እኔ ሦስቱን ዓመት ቆጥሬ ጠብቄያለሁ» አሉ። «ጨረስኩ። ግን መኪና አልነበረኝም።»

እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ከታች ያሉት ሦስት ስሞች የማን እንደሆኑ ጠየቁኝ። የጋሽ ይመርን፣ የሦስተኛውን ዳኛና የራሴን ስም በጣቴ አሳየኋቸው። ስሜ ላይ ትንሽ ቆዩ።

«በኔኛው ወረቀት ላይ ያለውም ይኸው ፊርማ ነው?»

«አዎ፣ እሱው ነው።»

ግልባጩን ተቀበሉኝና በጥንቃቄ አጠፉት።

«እንግዲህ ሁለቱም ያንተ ናቸው» አሉኝ።

ክፋት አልነበረበትም፤ ይቅርታም አልነበረበትም። ከዚያ ተነስተው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። አውቶቡሱ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ። ስለ ፍርድ ቤት ሌላ ቃል አልተነሳም፤ ማሽላው ዘንድሮ ደህና እንደያዘ ነገሩኝ።